የጎሬው ድንጋይ

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር!» አለች ሐመልማል፣ የግቢውን በር በጀርባዋ ዘግታ። «ልጄ ውሻ ብትፈራ ምን ጎደለባት? ውሻ እኮ ይናከሳል!»

ባሏ ኤርካሎ የልጁን የሜላትን የጫማ ክር እያሰረ ቀና አላለም። ሜላት ስድስት ዓመቷ ነው። የሶዶን ውሻ ሁሉ ትፈራለች፤ አንዱን ባየች ቁጥር ግድግዳ ላይ ትለጠፋለች፣ ያን ዕለት ሌሊት ደግሞ ፍራሿን ታረጥባለች። ባለፈው ሳምንት የአባቷ መሥሪያ ቤት በር ላይ ጥርሱ ያለቀ አሮጌ ውሻ አይታ ኮቱ ውስጥ ገብታ ስትጮኽ ባልደረባው ይድነቃቸው እንባው እስኪፈስ ሳቀ። «የሁምቦው ጀግና ልጅ ይቺ ናት?» አለ። ያ ሳቅ ከኤርካሎ ሆድ አልወጣም።

«በሷ ዕድሜ አባቴ የጅብ ጎሬ ድረስ ወስዶኛል» አለ ለመቶኛ ጊዜ። «በገዛ እጄ የጎሬው አፍ ላይ ድንጋይ አስቀምጬ ተመለስኩ። አባቴንም አባቱ ወስዶታል። ከዚያ ወዲህ ምን ፈርቼ አውቃለሁ?» ግራ እጁንም አሳየ። አውራ ጣቱ ከመገጣጠሚያው ላይ ጎበጥ ያለ ነው። ያን ድንጋይ ሲያስቀምጥ የተሰበረ መሆኑን ያልሰማ የሶዶ ሰው የለም።

«እኔን ትፈራለህ» አለች ሐመልማል። የባሏን ግትርነት ግን ታውቀዋለችና ከበሩ ዘወር አለች። ሲያልፍም ጥቁር ጃንጥላዋን ብብቱ ሥር ወተፈችለት፤ ቁልፉን ሲጫኑት ጧ ብሎ የሚከፈተውን። «ልጄን አንድ ነገር ቢነካት ነብር አየኝ በል!»

ጃንጥላ ይዞ ጅብ ሊጠይቅ መሄድ ኤርካሎን አሳፈረው። ቢሆንም ያዘው።

ሚኒባሱ ወደ ትውልድ አገሩ ወደ ሁምቦ ቁልቁል ሲወርድ የቆላው ሙቀት በመስኮቱ ገባ። ከጠበላ ከተማ በሞተር ሳይክል ቀጠሉና ረፋዱ ላይ አባቱ አቶ ጩማ ግቢ ደረሱ። ሽማግሌው ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። ከልጃቸው ጋር የሚያወሩት በወላይትኛ ነው፤ አማርኛ የሚናገሩት ለልጅ ልጃቸው ሲሉ ብቻ ሲሆን ሴትና ወንድ አይለዩበትም።

«ና ልጄ፣ ና! አንተ ነህ አያትህን ልታይ የመጣኸው?» አሏት። ሜላት ሳቀች።

ኤርካሎ የመጣበትን ሲነግራቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ። በከዘራቸው ተራራውን አመለከቱት።

«ያ ተራራ ያኔ መላጣ ነበር። እዚህ ቁጭ ብዬ ፍየሎቼን እቆጥርበት ነበር። ከሰውና ከከብት ከተከለለ ወዲህ ዛፉ ተመለሰ። ከዛፉ ጋር ምን እንደተመለሰ እኔ አላውቅም። ወጥቼ አላየሁም።»

«ጅብ ቀን ይተኛል አባባ። ጎሬውን ደግሞ ዓይኔን ጨፍኜም አገኘዋለሁ።»

አቶ ጩማ የልጃቸውን ጎባጣ አውራ ጣት አዩ። አንድ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። ከዚያ የተቀቀለ ስኳር ድንች በፌስታል ቋጥረው ሰጧቸው። ሜላትም ከግቢው ዕንቁላል የሚያህል ድንጋይ መርጣ ሹራቧ ኪስ ውስጥ ከተተች።

ከተራራው ግርጌ ያለውን ደረቅ ቦረቦር ተሻግረው ዳገቱን ያዙ። ኤርካሎ የሚያውቀው መንገድ ቀላል ነበር፤ ትልቁ ቋጥኝ፣ ከቋጥኙ በስተግራ ጥቂት እንደተሄደ ጎሬው። አሁን ግን የሚታይ ቋጥኝ የለም። ዛፍ አለ፣ ከዛፉ ኋላ ሌላ ዛፍ፣ በመካከሉ እሾህ። ለሁለት ሰዓት ያህል ቅርንጫፍ እየሰበረ፣ ሐረግ እየበጠሰ፣ ልጁን እየጎተተ ወጣ። ተራራውን ከአስፋልቱ ሆኖ ስንት ጊዜ አድንቆታል፤ ዛፍ ከለበሰ ወዲህ ግን ውስጡ ገብቶ አያውቅም። ኋላውን ሲያይ የመጣበት ቦታ ተዘግቷል።

«አባዬ፣ መንገዱ የት ሄደ?»

«አለ። እዚሁ ነው።»

ዛፉ በላያቸው ጮኸ። ቅርንጫፎች ተሰበሩ፣ ሠላሳ የሚሆኑ ዝንጀሮዎች ዙሪያቸውን ወረዱ። አውራው የጎፈረ ጋማውን አራግፎ ፊታቸው ተቀመጠና ረጃጅም ጥርሱን አሳየ። ሜላት የአባቷን እግር አቀፈች።

«እንዳትሸሺ!» አለ ኤርካሎ። «አውሬ የሚያባርረው የሚሸሸውን ነው። ዓይኑን እዪው፣ ወደፊት ሂጂ፣ ወርውሪ!»

ጮኾ ወደፊት ተራመደና ድንጋይ ወረወረ። አውራው ወደ ኋላ አለ። ሜላትም የአፈር ጓል አንስታ ወረወረች፤ ሦስት እርምጃ እንኳ አልሄደም፣ ዝንጀሮዎቹ ግን በዚያው ቅጽበት ዛፍ ለዛፍ ፈረጠጡ።

«እኔን ፈርቶ ሸሸ! አባዬ አየህ? እኔን!»

ከዚያ በኋላ ማን ይቻላት። «ዓይኑን እዪው፣ ወደፊት ሂጂ፣ ወርውሪ» እያለች እንደ መዋዕለ ሕፃናት መዝሙር እየደጋገመች ትዘል ጀመር። ኤርካሎ ደረቱን ነፋ። ይድነቃቸው ይህን ባየ! ሸሚዙ በላብ መራሱን፣ ያሉበትንም አለማወቁን ለራሱ እንኳ አልነገረም።

ወዲያው ሰማዩ ጠቆረ። የበልግ ዝናብ በቆላ አያስጠነቅቅም፤ አንድ ነጎድጓድ፣ ከዚያ ውሃ። ጃንጥላውን ከፈተ፣ ቅርንጫፍ ያዘበት፣ ዘግቶ ብብቱ ሥር መለሰው። ልጁን አቅፎ እየተንሸራተተ ሮጠ። ዓይኑን ውሃ ሞልቶት በእጁ እየዳሰሰ ከአንድ ጎርበጥ ያለ ቋጥኝ ሥር ገቡ። መሬቱ በእያንዳንዱ ነጎድጓድ ይንቀጠቀጣል።

«አባዬ፣ ፈራህ?» አለች ሜላት፣ ደረቱ ላይ ሆና።

«አባት አይፈራም።»

ዝናቡ ሲያባራ ከታች ሌላ ድምፅ ተሰማ፤ ድንጋይ ከድንጋይ የሚጋጭበት ድምፅ። «ከዚህ ንቅንቅ እንዳትዪ» ብሏት ኤርካሎ ጥቂት እርምጃ ወርዶ አየ። ቅድም በደረቁ የተሻገሩት ቦረቦር ላይኛው ጫፍ ነው፤ አሁን ቡናማ ጎርፍ ግንድ እያንከባለለበት ይወርዳል። መመለሻቸው ተቆርጧል።

ከኋላው የሜላትን ድምፅ ሰማ። ልክ እንደ አያቷ ታባብላለች። «ና... ና... ቡቺ፣ ና!»

ዞረ። ከቋጥኙ በስተግራ ሜላት ተንበርክካለች፤ ፊቷ ሁለት ጥቋቁር ቡችሎች አሉ፣ አንዱ እጇን ያሸታል። ኤርካሎ መጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነበር። ልጁ ውሻ ነካች! ከዚያ በዚህ ጫካ ምን ውሻ ይወልዳል ብሎ አሰበ። ከቡችሎቹ ኋላ ጉድጓድ አየ። በጉድጓዱ አፍ የአህያ መንጋጋ አየ፤ ከመንጋጋው አጠገብ የዛፍ ሥር የያዛቸው ሦስት ጠፍጣፋ ድንጋዮች። አንዱን ያውቀዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያወራለት የራሱ ድንጋይ ነው።



ከጎሬው ማዶ ቁጥቋጦው ተከፈተና እናትየዋ ወጣች። ዝናቡ ፀጉሯን ከገላዋ አጣብቆታል፤ ትከሻዋ የሜላት ደረት ይደርሳል። ከግልገሎቿ ወደ ልጅቷ፣ ከልጅቷ ወደ ግልገሎቿ አየች። አንገቷን ዝቅ አድርጋ ከሆዷ ውስጥ አጉረመረመች። ግልገሎቹ ጎሬው ውስጥ ጥልቅ አሉ።

በጅቢቱና በሜላት መካከል ስምንት እርምጃ ቢሆን ነው። በሜላትና በአባቷ መካከል ሃያ ይሆናል።

ሜላት አልሸሸችም፣ አላለቀሰችምም። ተነስታ ቀጥ ብላ ቆመች። የጅቢቱን ዓይን አየች፣ ኪሷ ገብታ ድንጋዩን አወጣች፣ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ኤርካሎ የምትለውን ለማወቅ መስማት አላስፈለገውም፤ ያስተማራት ራሱ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏል ይህ ነው። የተመኛት ደፋር ልጅ ይኸው ፊቱ ቆማለች፣ ድፍረቷም አሁን ሊያስበላት ነው።

«ሜሊ፣ እንዳትወረውሪ!» ድምፁ ቀጠነበት።

«አንተ ነህ ያልከው።»

«ተሳስቼ ነው!»

«አይዞህ አባዬ፣ ትሸሻለች።» እጇን ለመወርወር ወደ ኋላ ሳበች።

ቢቆጣ አትሰማውም። ቢሮጥ ጅቢቱ ትቀድመዋለች። ኤርካሎ ባዶ እጁን ቆሞ፣ በዕድሜው ለማንም ተናግሮት የማያውቀውን ተናገረ።

«ሜሊ፣ አባዬ ፈርቷል።»

እጇ አየር ላይ ቆመ። «ምን?»

«ፈርቻለሁ ልጄ። በጣም ፈርቻለሁ። ጉልበቴን እዪው።»

በትከሻዋ ላይ ዞር ብላ አየችው። እውነትም ይንቀጠቀጣል። የልጅቷ ፊት ያን ጊዜ ተለወጠ፤ ዓይኗ ሰፋ፣ አገጯ ተርገፈገፈ። ድንጋዩ ከእጇ ሾልኮ ከሦስቱ ድንጋዮች አጠገብ ወደቀ።

«እንዳትሮጪ። ፊትሽ ወደሷ ይሁን፣ እግርሽ ወደኔ። ቀስ በዪ፤ እኔም እየመጣሁ ነው።»

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። ሌላ። እሱም ጭቃውን በእግሩ እየዳሰሰ ወደፊት ተጠጋ። ሦስት እርምጃ ሲቀራቸው ጅቢቱ የጀርባዋን ፀጉር አቁማ ተወረወረች። ኤርካሎ ዘሎ ሜላትን በአንድ እጁ ወደ ኋላው ጣላት፤ በሌላው ብብቱ ሥር የነበረውን ብቸኛ መሣሪያውን መዘዘና ቁልፉን ተጫነ።

ጧ!

ጥቁሩ ጃንጥላ አፍንጫዋ ላይ ተከፈተ። ጅቢቱ አራት እግሯን ተክላ ቆመች፤ የረገጠችው ጭቃ ፊቱ ላይ ተረጨ። እንዲህ ያለ አውሬ አይታ የምታውቅ አይመስልም። ዘወር ብላ ከጎን ልትገባ ሞከረች፤ ጃንጥላውን አዞረባት። ሽታዋ፣ የበሰበሰ ሥጋ ሽታ፣ ፊቱን ገረፈው።

«ልጆችሽን አልነካንም» ሲል ራሱን ሰማ። «እንሄዳለን። እኔም ልጄን ይዤ ልሂድ።»

እንደ ጋሻ ይዞት ወደ ኋላ ወደ ኋላ ተራመደ። ሜላት ቀበቶውን ጨብጣለች፤ የጥርሷ መንገጫገጭ ይሰማዋል። ጅቢቱ ጎሬው አፍ ላይ ቆማ ቀረች። ነገር ግን የቦረቦሩን ዳር እየተከተሉ ሲወርዱ ሁለት ጊዜ በዛፎቹ መካከል አያት፤ ስትከተላቸው ነበር።

ጎርፉ ሰፋ ብሎ ጋብ ካለበት ቦታ ልጁን ትከሻው ላይ አስቀምጦ ገባ። ውሃው ወገቡ ደረሰ። ከሥሩ ድንጋይ ይሸሻል። መሃል ላይ አንድ ግንድ ጭኑን መታውና በአንድ ጉልበቱ ወረደ፤ የሐመልማል ጃንጥላ ከእጁ አምልጦ እየተሽከረከረ ሄደ። ሜላት ፀጉሩን በሁለት እጇ ይዛ ጮኸች። ሲነሳ ሞቅ ያለ ነገር በአንገቱ አልፎ ወደ ደረቱ ፈሰሰ። ምን እንደሆነ ገባው። ስንት ጊዜ ያፈረበት፣ ስንት ጊዜ የተቆጣበት ነገር ነው። አሁን ግን በዚያ ብርድ ውስጥ ልቡን አሞቀው። ልጁ ፈርታለች፤ በሕይወት አለች።

«ጎሽ ልጄ» አለ እያለቀሰ። «ጎሽ የኔ ልጅ።»

ማዶ ሲወጡ አቶ ጩማ ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው፣ ጦርና ገጀራ አስይዘው፣ በከዘራ እየተንገዳገዱ ሲመጡ አገኟቸው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለ አንዱ ጎረቤት በራሳቸው አፍሮ፤ የሳቀለት ግን አልነበረም።

ከሰዓቱን ሜላት እሳት ዳር ተጠቅልላ ተኛች። ኤርካሎ ከአባቱ ጎን ተቀመጠ።

«አባባ፣ ያን ጊዜ እኔን ጎሬው ጋ ሲወስዱኝ ፈርተው ነበር?»

ሽማግሌው የልጃቸውን ግራ እጅ ስበው ጎባጣውን ጣት ዳሰሱት።

«ይህን ድንጋይ አይደለም የሰበረው። እኔ ነኝ። ከጉድጓዱ ውስጥ የሆነ ድምፅ ሰማሁ፤ እጅህን ይዤህ ነበር። እንዴት እንደጨበጥኩህ አላውቅም፣ ሲሰበር ግን ሰማሁት። ስታለቅስ ‹ድንጋዩ ነው› አልኩህ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«አባት ለልጁ ፈራሁ ይላል እንዴ?»

ኤርካሎ የተኛችውን ልጁን አየ። «ይላል አባባ» አለ።

በማግስቱ ሶዶ ገቡ። ከቤታቸው ጥቂት ሲቀራቸው መንገዱ መሃል ቡናማ ውሻ ተጋድሞ ነበር። ሐመልማል በር ላይ ቆማ ታያለች። ሜላት ቀጥ አለችና የአባቷን እጅ ፈለገች። ኤርካሎ ያዛት፤ ጣቶቿን አጥብቆ እንዳይጨብጥ ተጠንቅቆ፣ በላላ እጅ።

«አባዬ፣ ፈራህ?»

«ትንሽ።»

ከማዶው ሱቅ ይድነቃቸው ብቅ አለ። «ኧረ የሁምቦው ጀግና! ውሻ ፈርተህ ቆምክ እንዴ?»

«አዎ» አለ ኤርካሎ።

ውሻው ተነስቶ፣ ራሱን አራግፎ፣ በራሱ ጊዜ ወደ ሌላ መንደር እስኪሄድ ድረስ አባትና ልጅ መንገድ ዳር ቆመው ጠበቁ።