የማይቆመው ፕሮግራም

የሌላውን ድካም ሰርቆ በራሱ ስም የሚያቀርብ ሰው የሚዋረደው በጠላቶቹ ብርታት አይደለም፤ የሰረቀው ሥራ ራሱ ይመሰክርበታል። ፍቅርም ቢሆን እውነትን በአደባባይ ለመናገር እስካልደፈረ ድረስ ገና ፍቅር አልሆነም። የሚከተለው ታሪክ ሁለቱንም ያስረዳል።

በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ሦስተኛ ፎቅ፣ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ብቻ በያዘ ጠባብ ክፍል ውስጥ አንዲት የፕሮግራም ባለሙያ ትሠራ ነበር። የላቦራቶሪው ውጤት የሚመዘገብበት ፕሮግራም ከእርሷ በፊት በነበሩ ሰዎች ጃቫ በተባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የተጻፈ ሲሆን፣ ለዓመታት ያለ ዕረፍት አገልግሏል። ዳሩ ግን ከላቦራቶሪው ውጭ ለሚጠይቀው ሁሉ ጆሮ አልነበረውም። ስለዚህ ውጤቱ በወረቀት እየታተመ በአንድ ወጣት የላቦራቶሪ ባለሙያ እጅ ፎቅ ለፎቅ ይዞር ነበር።

የተዋወቁት ደረጃ ላይ ነው። ወጣቱ ሲጣደፍ ወረቀቱ ከእጁ አምልጦ እግሯ ሥር ተበተነ።

«እግዜር ያሳይሽ፤» አለ አጎንብሶ እየለቀመ። «በቀን አርባ ጊዜ እዚህ ደረጃ ላይ!»

«ደረጃው ምን አደረገህ? ዐይንህ ነው ያልነበረው፤» አለችው ሳቋን ውጣ።

«ዐይኔማ ነበረ። የት እንደነበረ ብነግርሽ ትቆጫለሽ።»

አልተቆጣችም። ከዚያ ወዲህ የወጣቱ ዙር ሁልጊዜ የሚያልቀው በእርሷ ክፍል ሆነ።

አንድ ቀን የምትደክምበትን ሥራ አሳየችው። በአሮጌው ፕሮግራም ውስጥ ኦብጀክት የሚባሉ የመረጃ መያዣዎች አሉ፤ አንዱ የታካሚውን ማንነት፣ ሌላው የምርመራውን ውጤት ይይዛል። እርሷ እነዚህን አፍርሳ እንደገና መጻፍ አልፈለገችም። ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ እያንዳንዱን እንዳለ ዌብ ሰርቪስ፣ ማለትም በኔትወርክ ለሚጠይቀው ሁሉ መልስ የሚሰጥ አገልግሎት፣ አድርጋ ትከፍተዋለች፤ የየክፍሉም ኮምፒውተር በቀጥታ ጠይቆ መልሱን ያገኛል።

«ሳታቆሚው?»

«ሰው ልታናግር ስትፈልግ መጀመሪያ ታስተኛዋለህ እንዴ?»

«ወረቀቱ ከቀረ ታዲያ እኔ በምን ሰበብ ልመጣ ነው?»

ዐይኗን ወደ ቁልፍ ሰሌዳው መለሰች። ከዚያም በላቦራቶሪው ሆኖ እንዲሞክርላት ሥራውን በፍላሽ፣ አሠራሩን በወረቀት ጽፋ ሰጠችው።

ሳምንት ሳይሞላ የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ሠራተኛውን ሰብስቦ «በግሌ የደከምኩበት» ያለውን ሥራ አቀረበ። ያነበበው የእርሷኑ ወረቀት ነበር። ኃላፊው የወጣቱ አጎት ነው፤ ወላጆቹን በልጅነቱ ያጣውን ልጅ ወስዶ በቤቱ ያሳደገ። ባለሙያዋ በአዳራሹ ማዶ ወጣቱን ተመለከተችው። ዐይኑን ሰበረ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የክፍሏ በር ተዘጋ።

«እኔ አልሰጠሁትም፤» አላት ውጭ ቆሞ። «ቤት፣ ከመሳቢያዬ ነው ያወጣው።»

«ታዲያ ስብሰባው ላይ አፍህን ምን ያዘው?»

«ያሳደገኝ ሰው ነው።»

«እንግዲያው ከእሱው ጋር ኑር።»

ግንባሯን በሩ ላይ አስደግፋ፣ የጫማው ድምፅ ደረጃውን እስኪጨርስ አዳመጠች።

ሥራው ለሆስፒታሉ ዳይሬክተር የሚታይበት ቀን ደረሰ። ኃላፊው የተከፈቱትን ሁለት አገልግሎቶች አሳይቶ ተጨበጨበለት።

«እስቲ የደም ዓይነቱንም አሁን ይክፈቱልን፤» አለች የድንገተኛ ክፍሏ ሲስተር። «ሳይቆም ይሆናል ብለው የለ?»

ወረቀቱ ስለ ሦስተኛ አገልግሎት የሚለው አልነበረም። ኃላፊው ግንባሩን ጠረገ። «ለአፍታ አቁሜ ላስነሣው፤» አለና ፕሮግራሙን ዘጋው። ወዲያው ውጤት ከተቋረጠባቸው ክፍሎች ስልክ ይደወል ጀመር።

ወጣቱ ከወንበሩ ተነሣ። ወደ ባለሙያዋም አመለከተ።

«ጋሼ፣ የሥራው ፍሬ ነገር አለማቆሙ እኮ ነው። የሠራው ሰው ይህን አይስትም። የሠራችው እሷ ናት። እርስዎ ከመሳቢያዬ ወሰዱት፤ እኔም ፈርቼ ዝም አልኩ።»

«ለዚህ ነው ያሳደግሁህ?»

«እውነት ተናገር ብለው ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት እኮ።»

ባለሙያዋ ወደ ኮምፒውተሩ ሄደች። ፕሮግራሙ እስኪነሣ ሃያ ደቂቃ ፈጀ፤ ደግነቱ ማንም አልተጎዳም። ከዚያም እየሠራ ሳለ አንድ መስመር ትእዛዝ ጻፈች፤ የደም ዓይነቱም በድንገተኛ ክፍሉ ኮምፒውተር ላይ ታየ።

«እሰይ!» አለች ሲስተሯ።

ባለሙያዋ ግን የምታየው ወጣቱን ነበር። በዚህ ጊዜ ዐይኑን አልሰበረም።

በማግሥቱ ባዶ እጁን ሦስተኛ ፎቅ ወጣ። በሩ ክፍት ነበር።

«ወረቀት የለህም እኮ።»

«እግሬ ለምዶ ነው።»

«እግርህ ብቻ?»

በዓመቱ ተጋቡ።

ኃላፊው በዲሲፕሊን ኮሚቴ ውሳኔ ከሹመቱ ተነሣ፤ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ቆሞም ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ ወደ መዝገብ ቤት ተዛውሮ፣ ጡረታው እስኪደርስ ድረስ አሮጌ የውጤት ወረቀቶችን በየቀናቸው ሲደረድር ኖረ።