የፕሮፌሰሩ ግሉኮስ

ፕሮፌሰሩ ቤተ ሙከራው ውስጥ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞተ። ከንፈሩ ላይ ነጭ ዱቄት ነበር። ያጎረሰችው ሚስቱ ናት፤ ከዚያ ወዲህ ማንኪያው ጥርሱን ሲመታ የሰማችው ድምፅ ከጆሮዋ አልወጣ አላት። ውሃ ስትቀዳም በር ስትዘጋም ትሰማዋለች። በገዛ እጄ ገደልኩት እያለች እህል በአፏ አልዞር ብሏታል።

መርማሪዋ ከእሷ ጀመረች።

«ሲያልበውና ሲንቀጠቀጥ ምን አደረጉ?»

«ስኳሩ ወረደ ብዬ ግሉኮስ ሰጠሁት። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ እንዲህ ሲያደርገው በግሉኮስ ወዲያው ይነቃ ነበር። ያን ቀን ግን አጎርሰዋለሁ፣ ይብስበታል።»

ረዳት ተመራማሪው ሲጠየቅ ፊቱን አኮሳተረ። ፕሮፌሰሩ ለሌላ ሕመም የተሠሩ መድኃኒቶች እርጅናን ያዘገዩ እንደሆነ ሲያነጻጽር፣ ረዳቱ ሙጥኝ ያለውን መድኃኒት ከሁሉም በታች አድርጎበታል።

«ተጣልተናል፣ አልክድም። ግን በአይጥ ሙከራ ውጤት ሰው ይገደላል?»

«እሱ ራሱ የቱን ይወስድ ነበር?»

«አካርቦስ። የስኳር ሕመም መድኃኒት ነው። ተራ ስኳር ቶሎ ተሰባብሮ ደም ውስጥ እንዳይገባ ያግዳል።»

የሟች ታናሽ ወንድም ፋርማሲስት ነው። ጥያቄውን በትሕትና መልሶ «አይዞሽ እትዬ፣ ሞት ለማን ይቀራል» እያለ ሚስቲቱን ያጽናና ጀመር።

መርማሪዋ ሦስቱንም ሰበሰበቻቸው። ዱቄቱ መርዝ እንደሌለበት ተመርምሯል። ከግሉኮሱ ጣሳ ቆንጥራ ለሚስቲቱ ሰጠቻት፤ ከገዛ ቦርሳዋም አንድ ከረጢት አወጣች።

«እኔ የስኳር ሕመምተኛ ነኝ፤ ግሉኮስ ከእኔ አይለይም። ሁለቱንም ይቅመሱ።»

«የእርስዎ ዱቄት ምላስ ላይ ይቀዘቅዛል፤ ብዙም አይጣፍጥም። የእኛ ግን... ስኳር ነው!»

«ተፈጭቶ የላመ ተራ ስኳር። ግሉኮስ መሰባበር ስለማያስፈልገው ቶሎ ደም ውስጥ ይገባል፤ ይህ ግን አካርቦስ ለዋጠ ሰው አይደርስለትም። ደሙ ውስጥ ደግሞ ማንም ያላዘዘለት፣ ስኳርን ክፉኛ የሚያወርድ ክኒን ተገኝቷል። የጣሳውን ማሸጊያ ማን ቀደደው?»

«እኔ፣ የዚያን ዕለት።»

«እውነቷን ነው» አለ ረዳቱ፤ «እፊቴ ነው የቀደደችው፤ ማንም አልነካውም ነበር።»

«እንግዲያው የተቀየረው ከመታሸጉ በፊት ነው፤ ሁለታችሁም ነፃ ናችሁ። ግሉኮሱንም የአካርቦስ ክኒኑንም አሽጎ የሚያመጣላችሁ ማነው?»

ሚስቲቱ ቀና ብላ የባሏን ወንድም አየችው። እሱ መርማሪዋን ትቶ ለእሷ ተናገረ።

«እናታችንን ምን የገደላት ይመስልሻል፣ እትዬ?»

«ጉንፋን... እርጅና...»

«ባልሽ ዕድሜሽን ያረዝማል ብሎ ራፓማይሲን ሰጣት፤ ኩላሊት ለተተካለት ሰው የሚታዘዘውን። የሰውነትን መከላከያ እንደሚያዳክም ነግሬው ነበር። እሷ በልጇ ኮርታ፣ ‹የተማረ ይግደለኝ› እያለች ስትስቅ ነው የዋጠችው። ከዚያ ጉንፋኑ ሳንባዋ ገባ።»

«እሱ ይህን እያወቀ ነው የሰጣት?» አለች ሚስቲቱ።

«ባያውቅማ ለራሱ አካርቦስን ይመርጥ ነበር?»

ሚስቲቱ ገዳይ አለመሆኗን ሰምታለች፤ ደረቷ ላይ የተጫነው ነገር ግን አልቀለላትም። ከቀብሩ ወዲህ እምቢ ያላት እንባ አሁን ወረደ። ለባሏ ይሁን ለአማቷ፣ እሷም አላወቀችውም።