የማህደር የክርስትና ስም

ልጄ ማህደር ሥራ ከጀመረችበት ቀን አንስቶ አንድ ነገር እንደሚደርስባት አውቅ ነበር። የገባችው እዚሁ ሰቆጣ፣ አንድ የማር ዩኒየን ቢሮ ውስጥ ነው። ከአበርገሌና ከፃግብጂ ስለሚመጣው ማር ገዢዎች በኢሜይል ሲጠይቁ መልስ ትጽፋለች። ሥራው ከወንበር አያስነሳም፤ እኔ ግን ከቢሮ እስክትመለስ በር ላይ ቆሜ ነው የምጠብቃት።

«እማ፣ ዛሬ ደግሞ ማን ሞተ ብለሽ ነው የቆምሽው?» ትለኛለች።

መኪና እፈራ ነበር፣ በሽታ እፈራ ነበር፣ ከሁሉ በላይ ምቀኛ እፈራ ነበር። የኮምፒውተር ባለሙያ ግን አልፈራሁም።

ባለሙያው ጌታሰው ከደብረ ታቦር ነው የመጣው። ሥራ በጀመረ ዕለት ጠረጴዛ ለጠረጴዛ እየዞረ የይለፍ ቃል የተጻፈባቸውን ወረቀቶች ከየኮምፒውተሩ ላይ ገነጣጠለ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ገበየሁ እንኳ የራሳቸውን በፕላስተር ለጥፈውት ነበር። ማህደር ጋ ሲደርስ ወረቀት አጣ።

«የአንቺስ የታለ?»

«እዚህ» አለችው፣ ግንባሯን ነክታ።

«ጎሽ! ከዚህ ቢሮ አንድ ሰው አገኘሁ።»

«ሰው ፍለጋ ነው እንዴ የመጣኸው?»

ይህን እየሳቀች ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሯ በሳምንት ሁለቴ መበላሸት ጀመረ። እሱ ሊሠራላት ይመጣል። የይለፍ ቃሏን ስትጽፍ ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል፤ «ጨርሻለሁ» እስክትለው ድረስ አይመለስም። እሷም መጨረሷን ቶሎ አትነግረውም ነበር።

«የሰው አገር ልጅ ነው፤ ዝውውር ያገኝና ይሄዳል» አልኳት።

«ካልሄደስ?»

«ይሄዳል።»

ከፋሲካ በኋላ አንድ ሰኞ ጠዋት የፈራሁት መጣ። አንድ የማናውቀው ሰው የቢሮውን ኢሜይል በማህደር የይለፍ ቃል ከፍቶ ለገዢዎች ሁሉ በስሟ ጽፏል። የዩኒየኑ የባንክ ቁጥር ተቀይሯል፣ ከእንግዲህ በዚህ ላኩ ይላል። አንድ የደሴ ነጋዴ ተጠራጥሮ ባይደውል ኖሮ የስንቱ ገበሬ ልፋት ውኃ በልቶት ነበር።

«የይለፍ ቃልሽን ማን ያውቃል?» አሏት አቶ ገበየሁ።

«ማንም።»

«እንግዲያ ኮምፒውተርሽን ሲነካካ የከረመው ነው።»

ጌታሰው ታገደ። እሷም እስከ ዓርብ የምስክርነት ቃሏን ጽፋ እንድትሰጥ፣ ካልሰጠች እሷም እንደምትባረር ተነገራት።

«አልጽፍም» አለችኝ ቤት ገብታ። «ፊቱን ሲያዞር የከረመ ሰው እንዴት ይሰርቃል?»

«ጻፊ ልጄ! እንጀራሽ ነው። ለመሆኑ የይለፍ ቃልሽ ምን ነበር?»

ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የክርስትና ስሜና የተወለድኩበት ዓመት። ለማንም እንዳትናገሪ እያልሽ ስላሳደግሽኝ፣ ከዚያ የሚበልጥ ምስጢር የለኝም ብዬ ነው።»

ተቀመጥኩ።

የልጅን የክርስትና ስም ከንስሐ አባትና ከወላጅ በቀር ማን ያውቃል? መተተኛ እንዳይሠራበት ብዬ ለጎረቤት እንኳ ተናግሬው አላውቅም። በጾሙ ግን አንድ ሰው በቴሌግራም ጻፈልኝ። የገዳም አባት ነኝ አለ፤ ፎቶው ላይ መስቀል ይዟል። «ልጅሽን በሥራዋ ምቀኛ ከቧታል። በጸሎት እንድናስባት የክርስትና ስሟን፣ የተወለደችበትን ዓመትና የምትሠራበትን ቦታ ላኪ» አለኝ። ላክሁ። እንዲያውም አመሰገንኩት።

ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ አደርኩ። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም፤ ያ የሰው አገር ልጅም ወደ አገሩ ይሄዳል።

ዓርብ ስልኬን ይዤ ቢሮ ሄድኩ። ጌታሰው ቁልፍ ሊያስረክብ መጥቶ ቆሟል። ማህደር ፊት ባዶ ወረቀት አለ። ሁለቱም አይተያዩም።

«የይለፍ ቃሏን ለሰው የሰጠሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «ይኸው፣ ልጁ ራሱ ያንብበው።»

ጌታሰው ስልኩን በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ማንበብ ጀመረና ወዲያው ስክሪኑን ወደ እኔ መለሰው።

«እማማ፣ ስሟን በጣትዎ ይሸፍኑልኝ። እኔ የምፈልገው የላኪውን ነው።»

አቶ ገበየሁ መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ ጊዜ ጠረጉ። ማህደር ባዶውን ወረቀት አጣጥፋ ወደ መሳቢያው ከተተች፤ ከዚያ ቀና ብላ አየችው። እሱም አያት። እኔ በጣቴ እንደሸፈንኩ ቆሜ ቀረሁ።

«ሌባው ምንም አልሰበረም» አለን ጌታሰው በኋላ። «ጠይቆ ነው የገባው። እማማን በሚፈሩት ነገር በኩል መጣባቸው።»

ሥራው ተመለሰለት። ማህደርም የይለፍ ቃሏን ቀየረች፤ ምን እንዳለችው አልጠየቅኋትም።

በጥር ሁለቱ ተጋብተው ሲቆርቡ ካህኑ የሙሽሮቹን የክርስትና ስም ጠየቁ። ጌታሰው ወደ እኔ ዞረ።

«እማማ፣ አሁን ልስማ?»

«ስማ፣ ልጄ» አልኩት።