የኋላ ጎማው ዳዶ

ጡረተኛው ፖስተኛ አስፋልት ዳር በጀርባው ተዘርግቶ ሞቶ፣ ሞተር ሳይክሉ ቦይ ውስጥ ተገኘ። የኋላ ጎማው ብቻውን ሜዳ አቋርጦ ሄዷል። ሰውየው በዚያ ለሩቅ መንገድ በተሠራ ሞተር ሳይክል ሃያ ዓመት ሲዞርበት ኖሮ፣ በስተርጅና አዲስ ሞተርና ሰፋፊ ቸርኬ ካላስገባሁለት ብሎ ጋራዥ አቆመው። ካወጣው ሰዓት እንኳ አልሞላም።

በማግስቱ ጠዋት «መርፌ» የሚሏት መርማሪ የባለጋራዡን ቤተሰብና የሟችን ወንድም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበች። ቁመቷ አንድ ክንድ ነው፤ ዓይኗ ግን የሰው ኪስ ይፈትሻል። የባለጋራዡ ሚስት ከባሏ ጎን ቆማ መሬት መሬቱን ታያለች። ተከፍቶ ቢውጣት ደስ ባላት።

«የኋላ ጎማውን ዳዶ ማን አሰረው?» አለች መርማሪዋ፣ መንገድ ላይ የተለቀመውን ዳዶ ከፍ አድርጋ።

«እኔ!» አለ እዚያው የሚሠራው የባለጋራዡ አማች ፈጥኖ። «ሞተሩንም ቸርኬውንም የገጠምኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ እሰሩኝ።»

አማቱ፣ የባለጋራዡ ሚስት፣ ወደ እሱ ዞረች። ቤት የቀረችው ልጇ፣ የዚህ ልጅ ሚስት፣ ልትወልድ ቀኗን ነው የምትቆጥረው።

«አየሽ? ራሱ አመነ!» አለ የሟች ወንድም።

«አንተ ዝም በል። ይሸጥ ብለህ በዚሁ ሞተር ሳይክል ከወንድምህ ጋር ተጣልተሃል» አለችው መርማሪዋ።

«ሽጠው አልኩ እንጂ ዳዶ ፈታሁ?»

«አልፈታህም» አለች መርፌ። «ይሄ ከዳዶው ሥር የነበረው የብረት ቀለበት፣ ሮንዴላው ነው፤ አዲስ ነው። ዳዶ በመፍቻ ጥርቅም ተደርጎ ከታሰረ ሮንዴላው ላይ ክብ ጭረት ይተዋል። ይሄ የሕፃን ጉንጭ ይመስላል። ስለዚህ የፈታው የለም፤ መጀመሪያውንም አልታሰረም። በጣት ዞሮ ነው የተተወው። ግን ዳዶው ቀለም ተቀብቷል። እዚህ ጋራዥ ደግሞ መስመር የሚቀባው በመፍቻ አጥብቆ የጨረሰ ሰው ብቻ ነው፤ አማችየው በነጭ፣ ባለጋራዡ አባባ በቀይ። ይሄ ቀይ ነው።»

«የሳቸውን የቀለም ቆርቆሮ አንስቼ ነው» አለ አማችየው።

«ሞተሩ ላይ የቀባሃቸውን አየኋቸው። በማስመሪያ የተሰመሩ ነው የሚመስሉት። ይሄ እንደ ትል ይጥመለመላል። አባባ፣ እስቲ ይህን ብሩሽ ይያዙልኝ።»

ባለጋራዡ እጁን ከኪሱ አላወጣም። «አርባ ዓመት ጎማ ሳስር የኖርኩትን ሰውዬ ዛሬ ፖሊስ ቀለም ቅብ ልታስተምረኝ?» አለ። አፉ እንደሆነ አልደከመም።

መርፌ ወደ ሚስትየው ዞረች። «እማማ፣ የአባባ ጫማ ክር የታሰረው ልክ እንደ እርስዎ ጫማ ነው፤ ሁለቴ ተቋጥሮ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ተጎስጉሶ። ማነው የሚያስርላቸው?»

አማችየው አይናገሩ ለማለት ራሱን ነቀነቀ። እሷ አየችው፤ አባቱ አጠገቡ ሳይኖር የሚወለደውን ልጅ አሰበች።

«እኔ ነኝ» አለች። «ዓመት አለፈው። ማንኪያ እንኳ ይወድቅበታል። ለሰው ካወራሽ ቤቱን ጥዬልሽ እሄዳለሁ ስላለኝ አፌን ያዝኩ። እንዳይስቁበት ብዬ።»

ባልየው እጆቹን አወጣ። ይርገበገባሉ።

«መፍቻው አልጨበጥ አለኝ» አለ ድምፁ ወርዶ። «ፖስተኛው ቆሞ ያየኛል። እሱ እያየ አማቼን ልጥራ? ለሙከራ ሰፈሩን ዞሮ ሲመለስ አማቼ ያጠብቀዋል፣ እስከዚያ ያለቀ ይምሰለው ብዬ ቀባሁት። እሱ ግን በዚያው ሄደ።» ወደ አማቹ ዞረ። «አንተስ ለምን ዋሸህልኝ?»

«እኔም ካወቅኩ ቆየሁ፣ አባባ። እንዴት ብዬ ልንገርዎ? አፈርኩ።»

የሟች ወንድም አንድ በአንድ አያቸው።

«ሁላችሁም ታውቁ ኖሯል? ከወንድሜ በቀር?»

ሚስትየው ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም።