ከምድጃው በላይ የሰነበተው ቁራጭ

«ታዲያ ይኼኛው ለምን አልሟሸሸም?»

መምህር እንድርያስ ሳባን ጠየቋት። የጋለው ብረት ላይ ካስቀመጧቸው አምስት ቁራጮች አራቱ ውኃ እንደነካው ዳቦ ተኝተዋል። አምስተኛው ብቻ ቀጥ ብሎ ቆሟል። አምስቱንም ከጓደኛዋ ከረቢያ ጋር የሠሩት ከአንድ ሊጥ ነበር፤ ለጣሪያ ልባጥ እንዲሆን ቡላና የተፈጨ የቡና ገለባ አዋህደው፣ እንደ ፎም አሳብጠው።

ሳባ የቆመውን ቁራጭ እያየች በሐሳብ ጭልጥ አለች። በክፍላቸው ቆርቆሮ ሥር ተለብጦ ታያት። ቀትሩ እንደ ጫካ ጥላ ይቀዘቅዛል። የከተማቸው የሚዛን ዝናብ ሲወርድ ድምፁ ራቅ ብሎ እንደሚፈስ ወንዝ ይሰማል።

«በአጎቴ ዳቦ ቤት ኦቨን አድርቀነው ነው» አለች ረቢያ ፈጠን ብላ። «በመቶ አምስት ዲግሪ።»

መምህሩ ደስ አላቸው። ይህንኑ ጽፈው ሁለቱም እንዲፈርሙበት፣ ቅዳሜ ሐዋሳ ወደሚደረገው የሳይንስ ዐውደ ርእይም ይዘውት እንዲሄዱ ነገሯቸው።

ከክፍል እንደወጡ ሳባ የትኛው ኦቨን እንደሆነ ጠየቀች።

«አቦ አትጨቅጭቂኝ» አለች ረቢያ። «ሐዋሳ እኮ ነው። ሐይቅ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አታውቅም። እስከ ቤቷ ድረስ ያላየችው ሐይቅ ከፊት ከፊቷ ሄደ።

ቁራጮቹ የሰነበቱት እነሳባ ቤት ስለነበር፣ እናቷን ማናልሞሽን ስለ ቁራጩ ስትጠይቃት እናቷ ደነገጠች። ወለሉ ላይ ወድቆ እርጥበት ሲበላው አግኝታ፣ ከምድጃው በላይ ባለው ቆጥ፣ ከዘር በቆሎው ጎን አስቀምጣው ነበር፤ ወደ ትምህርት ቤት ሊወሰዱ ሲሉ ነው ከሌሎቹ ጋር የመለሰችው። «አበላሸሁብሽ እንዴ ልጄ?» አለች። ከዚያም ከቆጡ ላይ ጭስ ያጠቆረው ወረቀት አወረደች። ማናልሞሽ የጎልማሶች ትምህርት ከጀመረች ገና ዓመቷ ነው። ፊደሎቹ ትልልቅና ጠማማ ነበሩ፦ «የሳባ ዳቦ። አትንኩ። ግንቦት 2።»

«ስሙን ስላላወቅሁ ነው ዳቦ ያልኩት» አለች እንደማፈር ብላ።

ሳባ ቀኑን ቆጠረች። ቁራጩ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጭስና ለብታ ጠግቧል። ያጠነከረው ይኼ መሆኑን ለማወቅ ሌሎች ቁራጮችም ሌላ ሦስት ሳምንት እዚያው መሰንበት አለባቸው። ለቅዳሜ ግን የቀረው አራት ቀን ነው። እውነቱን ከተናገረች ሐዋሳ ቀረ።

በማግስቱ ወረቀቱን ደብተሯ ውስጥ አጥፋ መምህር እንድርያስ ፊት ዘረጋችው። ደጋግመው አነበቡት፤ አልሳቁም። አንዴ የሆነ ነገር ገና ታወቀ እንደማይባል፣ ሥራው ተደግሞ እስኪታይ ከዐውደ ርእዩ እንደሚቀር ነገሯት። ረቢያ ቀኑን ሙሉ ዘጋቻት። ሲለቀቁ በአጠገቧ እያለፈች «ፋራ» አለቻት፤ ግን ድምጿ ውስጥ ቁጣው ብዙም አልነበረም።

ዐርብ ከሰዓት ሳባ አራት አዲስ ቁራጮች ቆጡ ላይ ደረደረች። እናቷ እርሳስና ወረቀት ይዛ ከሥር ቆማለች።

«አሁንስ ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ዳቦ በዪው» አለች ሳባ። «ቀኑን ግን እንዳትረሺ።»

ቅዳሜ ጠዋት ረቢያ የውኃ ፓምፕ ከሠሩት የክፍላቸው ልጆች ከእነ ሻሚል ጋር ወደ ሐዋሳ ሄደች። ሳባ ሚዛን ቀረች።