ቀኙ በር

ልጅቷ የመቁረጫውን ስለት ገልብጣ በጀርባው ፋቀች። አንዴ፣ ደግማ፣ ደግማ። በትንሿ መኪና በር ዙሪያ ካለው መስመር እንደ ፀጉር የቀጠነ ፕላስቲክ እየተጠቀለለ ወጣ።

«እስካሁን አልጨረስሽም? ኤሊ!» አለ ሞተር። ክፍሉ በሙሉ በዚህ ቅጽል ስም የሚጠራው አንዴ ማውራት ከጀመረ ስለማያቆም ነው።

«ቲቸር ሳትጫኑ፣ በጀርባው፣ ብለዋል።»

ከመዳፍ ትንሽ የምትበልጠው ሞዴል መኪና የሁለቱ ናት፤ ግራው በር የእሷ፣ ቀኙ የእሱ። ዛሬ ቲቸር ለውድድር የሚሄደውን አንድ ሞዴል ይመርጣሉ። መስፈርቱ ሁለቱም በሮች እንዲከፈቱ ነው። ሞተር የእሱን ትናንት በአሥር ደቂቃ ጨርሶ ቀለም ቀብቶታል።

የእሷ በር ላላ ብሎ መዳፏ ላይ ወደቀ። ጠርዙ አልተሸረፈም። ቀድማ ባዘጋጀችው የሽቦ ማጠፊያ ላይ ሰካችው፤ ተከፈተ፣ ተዘጋ። ከሞተር በር ጋር ልታስተያየው መኪናዋን አዞረችና ቀኙን በር በጥፍሯ ሳበችው። አልተነቃነቀም።

«ተይው! ቀለሙ አልደረቀም።»

ጠጋ ብላ አየችው። መስመሩ በስቱኮ ተደፍኗል። ከበሩ እስከ ኋላው የጎማ መሸፈኛ፣ ፓራፋንጎው ድረስ ከቀለሙ ሥር ጭረት ይታያል።

«አጣብቀኸዋል።»

«ቀስ በይ፣ ይሰማሉ!» ቲቸር የገቡበትን የዕቃ ክፍል ገልመጥ አድርጎ አየ። «በስለቱ ስል ጎን ቆረጥኩት፤ አመለጠኝ። በሩም ጥጉ ላይ ተሰነጠቀ። ምን ላድርግ?»

«ይከፈታል አላልከኝም?»

«አቦ አታካብጂ! ቀኙን ወደ ግድግዳው እናዞረዋለን። አንቺ ከሞዴሉ ጋር በሚቀርበው ካርድ ላይ ‹ሁለቱም በሮች ይከፈታሉ› ብለሽ ጻፊ። ያንቺን ከፍተው ካዩ የእኔን አይነኩም። አንቺን ደግሞ ያምኑሻል።»

አዎ፣ ያምኗታል። ግን እዚህ ትምህርት ቤት ከገባች ጀምሮ በእረፍት ሰዓት አጠገቧ የሚቀመጠው ሞተር ብቻ ነው። ቢያኮርፋትስ?

«ጓደኛዬ ነሽ አይደል?»

«ነኝ።»

«እንግዲያው!»

ቲቸር እጃቸውን እያራገፉ ወጡ። «እናንተስ፣ ልጆቼ? ደረሳችሁ?»

«ደርሰናል ቲቸር! ካርዱ ብቻ ነው የቀረው።» ሞተር በጠረጴዛው ሥር እግሯን ነካ አደረጋት።

እስክሪብቶው በላብ ከጣቶቿ መሀል ተንሸራተተ። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ግራው በር ይከፈታል» ብላ ጻፈች። ሞተር በትከሻዋ በኩል አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል፤ ትንፋሹ ጆሮዋ ላይ ይሰማታል።

«ቀጥይ እንጂ» አለ በሹክሹክታ።

«ቀኙ አልተሳካም» ብላ ጨመረችበት። ትንፋሹ ቆመ። ቀና ብላ ሳታየው ካርዱን ለቲቸር ዘረጋች።

ሞተር ሳያያት ቦርሳውን ከወለሉ አንስቶ ለመውጣት ዞረ።

«ነገ በእረፍት ሰዓት አጠገቤ ቦታ እይዝልሃለሁ» አለችው፣ ይምጣ አይምጣ ሳታውቅ።