ጉድጓዷ የዋጠችው ቃል

«እኔ እናቱ ነኝ…» አለችና ሎጋ መድረኩ ላይ ቀጥ አለች።

ተማሪዎቹ «ሹክሹክታ» የሚሏት ልጅ ከሎጋ እግር ሥር፣ ሰውን እስከ ደረቱ በምትውጥ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ቆማለች። ጉድጓዷ የተሠራችው ቃል ለጠፋበት ተዋናይ ከሥር ሆኖ ለሚያስታውስ ሰው ነው፤ በተመልካቹ በኩል በእንጨት ክዳን ተከልላለች። የሹክሹክታ ጣት ቀጣዩ መስመር ላይ ነው፤ «ልጄን ግን አልክድም።» ሦስት ቃል ብቻ። ሎጋ ዐይኗን ቁልቁል ጣል አደረገች።

ሹክሹክታ አፏን አልከፈተችም።

የእናቲቱን ሚና የፈለገችው እሷ ነበረች። ከማንም ቀድማ በቃሏ ይዛዋለች። መምህሩ ግን በተማሪው ሁሉ ፊት፣ የእሷ ድምፅ እንኳን አዳራሽ አንገትጌዋንም አያልፍ ብሎ አሳቀባት። ቅጽል ስሟም ያን ዕለት ወጣላት። የልብ ጓደኛ ተብዬዋ ሎጋም አብራ ስቃለች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

«እናትየው ልጇን ረሳችው» አለ አንዱ ከኋላ። ፊልምም ቴአትርም የሚታይበት አሮጌው አዳራሽ፣ ሊጎበኙትና ቴአትራቸውን ሊሞክሩበት በመጡት ተማሪዎች ሳቅ ተሞላ። ሎጋ መጋረጃውን ገልጣ ገባች።

ሹክሹክታ ደስ ይለኛል ብላ ነበር። ደስታው ግን አልመጣም።

ከጉድጓዷ ወጥታ ከመጋረጃው ጀርባ ስትደርስ፣ ሎጋ ፊቷን በእጅጌዋ እየጠረገች መጣችና እጇን ያዘቻት። «አንቺማ ነግረሽኝ ነበር። እኔ ነኝ ደንግጬ ያልሰማሁሽ። እንዳትቀየሚኝ እሺ?»

ሹክሹክታ እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀች።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ሎጋ አልሰማሁሽም ስትል የሰሙት የአዳራሹ ሥራ አስኪያጅ መጡና፣ ይቺ ጉድጓድ ድምፅ እንደማታወጣ ድሮም ተናግሬ ነበር፣ ነገ አናጢ ጠርቼ በሳንቃ አስደፍናታለሁ አሉ። ይህን ሲሉ ተማሪዎቹን ያስጎበኟቸው ሽማግሌ አጠገባቸው ነበሩ። ሽማግሌው ጠዋት፣ ሠላሳ ዓመት ከዚያች ጉድጓድ ሆነው ሲያስታውሱ አንድም ቃል ጠፍቶባቸው እንደማያውቅ ለተማሪዎቹ ሲነግሯቸው፣ ስለ ልጃቸው የሚያወሩ ነበር የሚመስሉት።

ሽማግሌው ወደ ሹክሹክታ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ቃሉን ብለሽው ነበር አይደል? ጉድጓዷ ናት የዋጠችብሽ?»

«አዎ፣ አባባ።»

ክዳኑን በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት። «እንግዲያው እሷም እንደኔ አርጅታለች» አሉ።

ውጭ ተማሪዎቹን ያመጣው አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። ሹክሹክታ አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አደረገች። ሎጋ ከውስጥ ጠራቻት።

«ነይ እንጂ፣ መስኮቱን ላንቺ ነው የያዝኩት።»

መስኮት በመያዝ ሁሌ ይጣሉ ነበር። ዛሬ ሎጋ ለቀቀችላት። ሹክሹክታ እግሯን ከደረጃው አወረደች።

«አንቺ ውረጂ» አለቻት። «ለአባባ የምነግራቸው ነገር አለ።»

«እና እኔ ምን አገባኝ?»

«ያገባሻል። ስለ ጠፋው ቃል ነው፤ ከሳቸው እኩል ስሚው።»

ሎጋ እያጉረመረመች ወረደች። ሾፌሩ ጥሩንባውን ነፋ፤ መምህሩም ወዴት ነው ብሎ ተጣራ። ሹክሹክታ ዞር አላለችም። የአዳራሹን በር ገፋችው።